የለመደው ማነው፣ ሰውነቴ ወይስ ባክቴሪያው? (33 መልስ የደረሰው ፖስት፣ ተሰብስቦ)

ሰላም ለሁላችሁ። ይሄን ፖስት የከፈትኩት እኔ ነኝ፣ አሁን መልሱ 33 ስለደረሰና አዲስ የሚገባው ሰው ሁሉ ከላይ ሳያነብ ያንኑ ስለሚጠይቅ አንድ ላይ ላሰባስበው ብዬ ነው። የማንንም ኮመንት ቃል በቃል አልገለብጥም፣ አንዳንዱ ተናዶ የጻፈው ነውና ይቅርለት፣ ሁሉንም በቁጥሩ ነው የምጠራው። ዓመቶቹን ደግሞ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው።

መነሻው ይሄ ነበር። ስራዬ ማይክሮባዮሎጂ ነው፣ በሽታ የሚያመጡ ባክቴሪያዎችን አሳድጌ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድላቸው፣ የማይገድላቸው ደግሞ ለምን እንደማይገድላቸው አጠናለሁ፣ አብዛኛውን ቀን ከስታፊሎኮከስና ከክሌብሲየላ ጋር ነው የምውለው። ሰው ታዲያ ስራዬን ሲሰማ የሚነግረኝ ነገር አንድ ነው፣ አሞክሳሲሊን እሱ ላይ እንደማይሰራና ሰውነቱ እንደለመደው። እኔም ሰልችቶኝ ጻፍኩ። ሰውነታችሁ ምንም አልለመደም፣ ፔኒሲሊንና እንደ አሞክሳሲሊን ያሉ ዘመዶቹ የሚያፈርሱት የባክቴሪያውን ግድግዳ ነው፣ የእኛ ሴል ደግሞ ያ ግድግዳ የለውም፣ የሌለህን ነገር የሚያፈርስ መድኃኒት ምኑን ትለምደዋለህ አልኩ። ቀጥዬ ግን፣ ነገር ያመጣብኝ ይሄኛው ነው፣ ባክቴሪያውም ቢሆን አልለመደም፣ «መድኃኒት የተላመደ ጀርም» የሚባለው አነጋገር ራሱ ስለሚያሳስት ቃሉን እንተወው፣ በምን እንተካው ብዬ ጠየቅኩ። አንድ ቃል ጠይቄ ይሄ ሁሉ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም።

1 ቁጥር በጣም ጨዋ ሰው ነው፣ አመስግኖ ጀመረና እሱም እስከዛሬ ሰውነቴ ለምዶ ነው ይል እንደነበር አመነ። ግን ጥያቄ ነበረው፣ አምና ጉሮሮውን ሲያመው አሞክሳሲሊን ውጦ በሦስት ቀን ድኖ ነበር፣ ዘንድሮ ያንኑ ውጦ ምንም ለውጥ የለም፣ ሰውነቱ ካልለመደ ምን ሆኖ ነው? የመለስኩለት ሁለቱ ሕመሞች አንድ ላይሆኑ እንደሚችሉ ነው። አብዛኛው የጉሮሮ ሕመም ከቫይረስ ነው የሚመጣው፣ ቫይረስ ደግሞ መድኃኒት ወሰድክም አልወሰድክም በራሱ ጊዜ ይሄዳል፣ አምና ምስጋናውን የወሰደው ክኒኑ ይሁን እንጂ ስራውን የሰራው ሌላ ሊሆን ይችላል። ተመርምሮ እንዲነግረን ጠየቅኩት።

2 ቁጥር ሲስተር ናት፣ በሥርዓቱ አረመችኝ። ሰውነት መድኃኒት አይለምድም ብዬ በደፈናው መጻፌ ልክ አልነበረም፣ ሞርፊን የሚወስድ ታካሚን ብናይ ሰውነቱ በትክክል ይለምደዋል፣ ያው ሕመም እንዲታገስለት መጠኑ እየጨመረ ይሄዳል። ልክ ናት፣ ለአንቲባዮቲክ ብዬ መወሰን ነበረብኝ።

3 ቁጥር አንድ መስመር ጻፈ፣ ባክቴሪያው ካልለመደ መድኃኒቱን መቋቋም ከየት እንዳወቀ። ከሁሉ የወደድኩት ጥያቄ ይሄ ነው፣ መልሱ የሚያምር ታሪክ ስላለው።

በ1952 ጆሹዋና ኤስተር ሌደርበርግ የሚባሉ ባልና ሚስት ክብ እንጨት ላይ ከፋይ ወጠሩ። አዎ፣ ልብስ የሚሰፋበት ከፋይ። ባክቴሪያ የበቀለበትን ፕሌት፣ ማለትም ማሳደጊያውን ጠፍጣፋ ሳህን፣ ገልብጠው ከፋዩ ላይ ጫን ያደርጉታል፣ የከፋዩ ጸጉሮች ከእያንዳንዷ ኮሎኒ (የባክቴሪያ ክምር) ጥቂት ይዘው ይቀራሉ፣ ከዚያ መድኃኒት የተቀላቀለበትን ፕሌት እዚያው ከፋይ ላይ ያትሙታል፣ ልክ እንደ ማህተም። መድኃኒቱ ያለበት ፕሌት ላይ ሁሉም ይሞትና አንድ ሁለት ቦታ ላይ ብቻ ይበቅላል። ቁም ነገሩ እዚህ ጋ ነው፣ ማህተሙ ቦታ ስለሚጠብቅ ወደ መጀመሪያው ፕሌት ተመልሰው እዚያው ቦታ ላይ ካለው ባክቴሪያ መውሰድ ይችላሉ፣ ያ ፕሌት ደግሞ መድኃኒት የሚባል ነገር አይቶ አያውቅም። ወሰዱ፣ ሞከሩት፣ መድኃኒቱን የሚቋቋመው ባክቴሪያ እዚያ ነበር። ሳይነካው፣ ሳያየው፣ ሳይለምደው። መድኃኒቱ የሰራው ሌሎቹን ገድሎ እሱን ማስቀረት ብቻ ነው። ይሄን ሳነብ ተማሪ ነበርኩ፣ ያን ቀን ነው ለመደ የሚለው ቃል ጆሮዬን መቆርቆር የጀመረው።

ይሄን ስጽፍ ግን እግረ መንገዴን ሉሪያና ዴልብሩክ በ1943 ይሄንኑ በአንቲባዮቲክ አሳይተዋል ብዬ ጨመርኩበት፣ 4 ቁጥር ያዘኝ። እነሱ የተጠቀሙት አንቲባዮቲክ ሳይሆን ባክቴሪያ የሚበላ ቫይረስ ማለትም ፋጅ ነው። ትክክል፣ አምታትቼዋለሁ። በዚያ አላበቃም፣ መድኃኒቱ መርጦ ከማስቀረት በቀር ሚና የለውም የሚለው አባባሌም የተጋነነ መሆኑን አስረዳ፣ ለምሳሌ ሲፕሮፍሎክሳሲን የባክቴሪያውን ዲኤንኤ ሲጎዳው ባክቴሪያው ኤስኦኤስ የሚባል የድንገተኛ ጥገና ይጀምራል፣ ጥገናው ደግሞ ጥድፊያ ስለሆነ ስህተት ይበዛበታል፣ ስህተት ማለት ሚውቴሽን ነው፣ ስለዚህ መድኃኒቱ ራሱ የሚቋቋም ባክቴሪያ የሚወጣበትን እጣ ያበዛዋል። ትንሽ ነጅሶኝ ነው የጻፈው ግን ያለው ሁሉ እውነት ነው፣ ምን ይባላል።

5 ቁጥር ድንገት ገብቶ ለብጉር የሚቀባው ክሬም መስራት እንዳቆመ ጻፈና ምን እንደሚሻለው ጠየቀ። 6 ቁጥር ፊቱን በምን እንደሚታጠብ መከረው፣ 7 ቁጥር ደግሞ ይሄ የውበት ገጽ እንዳልሆነ ነግሮ አባረረው። እኔም ዝም አልኩ። ወደዚህ እመለሳለሁ።

8 ቁጥር የእናቷን ታሪክ አመጣች። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነበር፣ ሦስት ጊዜ በግምት ሦስት ዓይነት ክኒን ተሰጣቸው፣ አራተኛው ላይ ነው ካልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያውን አሳድጎ የሚደረገው ምርመራ፣ የታዘዘው፣ ውጤቱ ሲመጣ ወረቀቱ ላይ የመድኃኒት ስም ተደርድሮ ከጎኑ አር፣ አር፣ አር፣ አይ፣ ኤስ ይላል። እናቷ የተሰጧቸው ሦስቱም አር ነበሩ። ንዴቷ ለምን መጀመሪያውኑ እንዳልተመረመረ ነው፣ ጥያቄዋ ደግሞ «አይ» ምን ማለት እንደሆነ። አር የማይሰራ፣ ኤስ የሚሰራ ነው፣ አይ ድሮ መካከለኛ ይባል ነበር፣ በ2019 ግን ዩካስት የሚባለው የአውሮፓ ኮሚቴ ትርጉሙን ቀይሮት መጠኑ ከፍ ካለ ይሰራል የሚል ሆኗል። ብዙ ሰው አይ ሲያይ ግማሽ የሞተ መድኃኒት ይመስለዋል፣ አይደለም።

9 ቁጥር ላብራቶሪ ነው የሚሰራው፣ ያ ወረቀት እንዴት እንደሚወጣ ጻፈ፣ ረዘመ ግን ወድጄዋለሁ። ባክቴሪያውን ጨው ውሃ ውስጥ በጥብጠህ ድፍርስነቱን 0.5 ማክፋርላንድ ከሚባለው የድፍርስነት መለኪያ ቱቦ ጋር ታስተያያለህ፣ ጥቁር መስመር ያለበት ካርድ ከኋላ ይዘህ ሁለቱን ቱቦ ጎን ለጎን ታያለህ፣ ከዚያ በ15 ደቂቃ ውስጥ በስዋብ (ጥጥ በተጠቀለለበት እንጨት) ሙለር ሂንተን አጋር በሚባለው የባክቴሪያ ማሳደጊያ ላይ በሦስት አቅጣጫ ትቀባለህ፣ መድኃኒት የነከሩ ትንንሽ የወረቀት ዲስኮች ታስቀምጣለህ፣ 35 ዲግሪ ኢንኩቤተር ውስጥ ከ16 እስከ 18 ሰዓት ይቆያል። ጠዋት ስትከፍተው መድኃኒቱ የሰራበት ዲስክ ዙሪያ ጥርት ያለ ክብ አለ፣ ያልሰራበት ላይ ባክቴሪያው እስከ ዲስኩ ጠርዝ ድረስ መጥቶ ምንጣፍ ሆኗል። ክቡን በማስመሪያ በሚሊ ሜትር ትለካለህ፣ ያቺ ሚሊ ሜትር ናት አር ወይ ኤስ የምትለው። ከዚያ የራሱን ጥፋት ተናዘዘ፣ አንድ ሰሞን የዲስኩ ዕቃ ውስጥ ያለችው እርጥበት መጣጭ ከረጢት ማለቋን ሳያይ ዲስኮቹ እርጥበት ጠጡ፣ የፔኒሲሊን ዘሮች ደግሞ እርጥበት አይወዱም፣ ክቡ እየጠበበ መጣ፣ ሁሉም ነገር አር አር እያለ ሊወጣ። ያዳነው መቆጣጠሪያው ነው፣ ኤቲሲሲ 25922 የሚባል ክቡ ስንት መሆን እንዳለበት የሚታወቅ ኢ. ኮላይ (የአንጀት ባክቴሪያ) አለ፣ እሱም ጠቦ ሲወጣ ጥፋቱ የዲስኩ መሆኑን አወቀ። የሳምንቱን ስራ በሙሉ ደገመው። እኔም ገጥሞኝ ያውቃል፣ የእኔ ግን በተቃራኒው ነበር፣ አጋሩን አሳስቼ ቀድቼ፣ 4 ሚሊ ሜትር መሆን ሲገባው ሲሳሳ ክቡ ይሰፋል፣ የማይሰራውን መድኃኒት የሚሰራ ያስመስለዋል፣ ይሄኛው ስህተት የባሰ ነው።

እስከዚህ ድረስ ፍቅር ነበር። 10 ቁጥር ሲገባ አየሩ ተቀየረ። ይሄ ሁሉ የመድኃኒት ኩባንያዎች ወሬ እንደሆነ፣ አሮጌው አይሰራም የሚባለው አዲሱን ለመሸጥ እንደሆነ፣ እኛ ላብራቶሪ ውስጥ የምንውለውም ተላላኪ እንደሆንን ጻፈ። 11 ቁጥር አልራራለትም፣ ነገሩ በተቃራኒው መሆኑን አሳየው፣ አዲስ አንቲባዮቲክ ሲገኝ ሐኪሞች ለክፉ ቀን ብለው ያስቀምጡታል፣ የተቀመጠ መድኃኒት አይሸጥም፣ ስለዚህ ኩባንያዎቹ ከዚህ ስራ እየሸሹ ነው። ፕላዞሚሲን የሚባለው በ2018 አጋማሽ አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ፣ የሰራው ኩባንያ በ2019 ሚያዝያ ላይ ኪሳራ አወጀ፣ ዓመት እንኳን አልሞላም። 10 ቁጥር መልስ አልነበረውም፣ ስድብ ግን ነበረው፣ አድሚኑ አጠፋው።

12 ቁጥር ደግሞ መፍትሔው ቀላል ነው አለን፣ ሰው የታዘዘለትን ኮርስ ይጨርስ፣ በቃ። እዚህ ጋ ሐኪም የሆኑት 13 ቁጥር ገቡ፣ በትህትና ነበር የጀመሩት፣ ኮርስህን ጨርስ የሚለው ምክር ለሁሉም ኢንፌክሽን በማስረጃ የቆመ አለመሆኑን፣ በ2017 ብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ላይ ይሄንኑ የሚሞግት ጽሑፍ እንደወጣ፣ ለብዙ የተለመዱ ኢንፌክሽኖች አጭሩ ኮርስ ከረጅሙ እኩል እንደሚያድን በሙከራ እንደታየ ጻፉ። ከዚያ ከ14 እስከ 19 ያለው ጭቅጭቅ ነው። 15 ቁጥር ሐኪም ሆነው እንዲህ በአደባባይ መጻፋቸው ኃላፊነት የጎደለው ነው ብሎ ተነሳባቸው፣ አንቱታውንም ረስቶት ነበር፣ ሰው ሲሻለው ያቆማል፣ የቀረውን መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጣል የሚል ነው ስጋቱ። 16 ቁጥር ቲቢን አነሳ። ሐኪሟ ቲቢ ሌላ መሆኑን ደጋግመው አስረዱ፣ የተለመደው ሕክምና 6 ወር ነው፣ በአንድ መድኃኒት ብቻ ከታከመ ያቺ አንዷን የምትቋቋመው ባክቴሪያ ትተርፋለች፣ ለዚህ ነው መጀመሪያ አራት ዓይነት በአንድ ላይ የሚሰጠው፣ አራቱንም በአንዴ የምትቋቋም ሚውታንት (በሚውቴሽን የተለወጠች ባክቴሪያ) በእድል መገኘት በጣም ከባድ ስለሆነ። ስታፍ (ስታፊሎኮከስ ኦውሪየስ) ደም ውስጥ ከገባም ቢያንስ 14 ቀን ነው። ያሉት ሌላ ነገር ነው፣ ለሳንባ ምች 5 ቀን የሚበቃው ታካሚ 10 ቀን ሲሰጠው ትርፉ 5 ቀን የሚያርፈው አንጀቱ ውስጥ ያሉት ምንም ያላጠፉ ባክቴሪያዎች ላይ ነው፣ እዚያም ምርጫው ይካሄዳል።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ሐኪሟ ልክ ናቸው፣ 15 ቁጥር ደግሞ የሚፈራውን ያውቃል። ያጠረው ኮርስ በሙከራ ነው ያጠረው፣ እኔ ተሽሎኛል ብዬ ስላቆምኩ አይደለም፣ ቀኑን ሐኪሙ ይቁረጠው፣ የተቆረጠውን ያህል ይወሰድ። 17 ቁጥር በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለውን ተረት ጣል አድርጎ ቀድሞ የወሰዱትን ክኒን ከሐኪም የሚደብቁትን ነካ አደረጋቸው። 18 ቁጥር በዓመት 5 ሚሊዮን ሰው በዚህ ይሞታል ብሎ ሲጽፍ 19 ቁጥር አስተካከለው፣ የ2019 ግምት በቀጥታ በዚህ ምክንያት የሞተውን 1.27 ሚሊዮን ነው የሚያደርገው፣ 4.95 ሚሊዮኑ የማይበገር ባክቴሪያ ይዞት የሞተው በጠቅላላ ነው፣ ሁለቱ አንድ አይደሉም።

20 ቁጥር ወደ ጥያቄዬ መለሰን፣ አጋዥ ሆኖ። በ1950ዎቹ ጃፓን ውስጥ ተቅማጥ የሚያመጣው ሺጌላ በአንድ ጊዜ አራት መድኃኒት ሲቋቋም ተገኘ፣ ሰልፋ፣ ስትሬፕቶማይሲን፣ ክሎራምፌኒኮልና ቴትራሳይክሊን። አራት ሚውቴሽን በአጋጣሚ አንድ ላይ ገጥመውት ነው እንዳይባል ዕድሉ በጣም ትንሽ ነው። የዚያው በሽተኛ አንጀት ውስጥ ያለው ኢ. ኮላይም አራቱንም ይቋቋም ነበር፣ ነገሩ እየተዘዋወረ ነበር ማለት ነው። ፕላዝሚድ የምንለው ቀለበት የመሰለ ዲኤንኤ ነው፣ አንዱ ባክቴሪያ ለጎረቤቱ፣ ለዘመዱ ቀርቶ ለባዕድ ዝርያ ሳይቀር ቀድቶ ይሰጠዋል። 21 ቁጥር ጨመረበት፣ በ2015 ቻይና ውስጥ ከአሳማና ከስጋ ኤምሲአር-1 የሚባል ጂን ያለበት ፕላዝሚድ ተገኘ፣ ኮሊስቲንን የሚያመክን፣ ኮሊስቲን ደግሞ ሌላው ሁሉ እምቢ ሲል የሚወጣ የመጨረሻ መድኃኒት ነው፣ ለአሳማ ግን በመኖ ይሰጥ ነበር። 22 ቁጥር አሜሪካ ውስጥ ሌቹጊያ በሚባል ጥልቅ ዋሻ የተገኙትን ጠቀሰ፣ ከ4 ሚሊዮን ዓመት በላይ ከላይኛው ዓለም ተዘግተው የኖሩ ባክቴሪያዎች ሲመረመሩ ዛሬ የምንጠቀምባቸውን በርካታ አንቲባዮቲኮች ይቋቋማሉ። እነዚህን ማን አለመዳቸው? አፈርና ድንጋይ ውስጥ ባክቴሪያና ፈንገስ በዚሁ መሣሪያ ሲዋጉ ነው የኖሩት፣ እኛ ትናንት ነው የደረስነው። ለዚህ እኮ ነው ፔኒሲሊን ገና ገበያ ሳይወጣ በ1940 አብርሃምና ቼን ፔኒሲሊንን የሚሰብር ኢንዛይም ኢ. ኮላይ ውስጥ ያገኙት።

23 ቁጥር ቋንቋ ሳይማር አልቀረም፣ እስካሁን የጠየቅኩትን የመለሰ የለም ብሎ ገሠጸን። ለመደ፣ ለማዳ፣ ልማድ ሁሉም ከአንድ ስር ናቸው፣ ለማዳ ድመት ማለት እጅህን የማይፈራ ነው፣ ስለዚህ መድኃኒት የለመደ ባክቴሪያ ሲባል መድኃኒቱን መፍራት የተወ ሆኖ ነው ጆሮ የሚሰማው፣ ቀስ በቀስ፣ ደጋግሞ በማየት። ሰውየውም ብዙ ጊዜ ስለወሰድኩ ለመደኝ የሚለው ከዚህ ነው። የእሱ ሐሳብ «የማይበገር» ነበር። 24 ቁጥር «መድኃኒት እምቢ ያለ» ብሎ አሳቀን። 25 ቁጥር «የተቋቋመ» ይበቃል የሚል ነው። 26 ቁጥር ግን ቃሉ በፖስተሩም በመመሪያውም ገብቶ አልቋል፣ ሰው የሚያውቀውን ቃል ነጥቃችሁ የማያውቀውን አትስጡት፣ ከፈለጋችሁ ማን እንደለመደ ብቻ አስተካክሉ ብሎ ውሃ ቸለሰብን። አልተስማማሁም ነበር።

27 ቁጥር እስኪመጣ ድረስ። በ2016 ሃርቫርድ ውስጥ የተሰራውን ትልቁን ፕሌት አስታወሰን፣ 60 በ120 ሴንቲ ሜትር፣ የጠረጴዛ ያህል ነው። ዳርና ዳሩ መድኃኒት የለበትም፣ ወደ መሀል ሲገባ መጠኑ በየክፍሉ 10 እጥፍ እያደገ ይሄዳል። ኢ. ኮላይ ዳር ላይ ይዘራል፣ በካሜራ ይቀረጻል። ይበቅልና የመጀመሪያው መስመር ላይ ሲደርስ ቀጥ ይላል፣ ይቆያል፣ ከዚያ አንድ ቦታ ላይ ነጭ ነጥብ መስመሩን ትሻገርና እንደ ማራገቢያ ትዘረጋለች፣ እንደገና መስመር፣ እንደገና ማራገቢያ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ መጀመሪያ ይገድለው ከነበረው መጠን 1000 እጥፍ የያዘው መሀል ላይ ደረሰ። የ27 ቁጥር ሙግት ይሄ ደረጃ በደረጃ ካልሆነ፣ ይሄ ልምምድ ካልሆነ ምን ሊባል ነው የሚል ነበር፣ ደግሞ ያለ መካከለኛው ደረጃ በአንዴ ወደ ከባዱ መዝለል አልቻለም።

ሁለት ቀን አሰብኩበት። መስመሩ ላይ የቆሙት ሚሊዮኖች አልለመዱም፣ እዚያው ቀሩ። የተሻገረችው አንዷ ናት፣ የተዘረጋው ማራገቢያ የእሷ ልጆች ነው። ግን ዘሩን እንደ አንድ ካየነው፣ አዎ፣ ዘሩ ለምዷል። ስለዚህ ከፊሉን አንስቻለሁ፣ ግለሰቧ ባክቴሪያ ለመደች አይባልም፣ ዘሯ ለመደ ቢባል ግን ከእንግዲህ አልጮህም፣ 26 ቁጥርም ደስ ይበለው። ሰውነቴ ለመደ የሚለው ላይ ግን አልደራደርም።

28 ቁጥር ስለ ፋጅ ሕክምና ጠየቀ፣ ራሱን የቻለ ፖስት ይከፈትለት። 29 እና 30 የ10 ቁጥር ጓደኞች ናቸው፣ ዝለሏቸው። 31 ቁጥር አድሚኑ ነው፣ ስድብ ይብቃ ብሎ።

32 ላይ 1 ቁጥር ተመለሰ። ተመርምሯል፣ ጉሮሮው ላይ የተገኘ ባክቴሪያ የለም፣ ቫይረስ ነው ተብሎ ያለ አንቲባዮቲክ ተሸኝቶ አሁን ድኗል፣ የቀረችውን ግማሽ የአሞክሳሲሊን ፍሬ ምን እንደሚያደርጋት ጠየቀ። 33 ላይ ሲስተር ለሚቀጥለው ጊዜ እንዳያስቀምጣት፣ ሽንት ቤትም እንዳይጥላት፣ ፋርማሲ እንዲመልሳት ነገረችው።

እና 5 ቁጥር። ሁሉንም እንደገና ሳነብ አፈርኩ። ያባረርነው ሰው የጠየቀው ይሄንኑ ነበር እኮ። ለብጉር ከሚቀቡት ክሬሞች ብዙዎቹ ክሊንዳማይሲን ወይም ኤሪትሮማይሲን አለባቸው፣ አንቲባዮቲክ ናቸው፣ ብቻቸውን ለወራት ሲቀቡ ቆዳው ላይ ያሉት ባክቴሪያዎች የማይበገሩት ብቻ እየቀሩ ይሄዳሉ፣ ክሬሙ መስራት ያቆማል። ስለዚህ ነው ከቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ጋር አብሮ እንዲሰጥ የሚመከረው፣ እሱ ባክቴሪያውን በኦክስጅን አቃጥሎ ስለሚገድል የሚያመልጠው አልተገኘም። 5 ቁጥር፣ ካለህ ይቅርታ፣ ቱቦው ላይ የተጻፈውን የመድኃኒት ስምና ስንት ወር እንደተቀባኸው ጻፍልን፣ ሐኪሟም አሁን ኦንላይን ናቸው።